ቀብድ ሁለቱንም ወገን ያስራል

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። የሚያነሱት በፀጉር ሥራ፣ ሙሽራ በማስዋብ፣ በሂናና በጥፍር ሥራ የሚተዳደሩ እህቶቻችን ናቸው። «ደንበኛ ቀጠሮ ይዛ ስትቀር ምን እናድርግ? ቀብድ ብንጠይቅ ትቀየመናለች፤ ባንጠይቅ ደግሞ ባዶ ወንበር ስናይ እንውላለን» ይላሉ። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ከማኅበሩ ብድር ወስዳ ካስክና መስታወት የገዛች እህት የወሩን ክፍያ ማሟላት ሲያቅታት፣ ነገሩን አብረናት ስንመረምር ሙያዋ ጎድሎ ወይም ገበያ ጠፍቶ አይደለም። ሁለት ሙሽራ ቀርታባት ነው።

እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ነንና መልሱን በቁጥር ብቻ መስጠት እንችል ነበር። ነገር ግን ቁጥር ይሉኝታን አያሸንፍም። ብዙዎቻችን ቀብድ መጠየቅን እንደ ስስት ወይም ከውጭ እንደ መጣ ፈሊጥ ስለምናየው፣ ነገሩ ከየት እንደ ተነሳ፣ በማን እጅ እንዳለፈና ዛሬ በአገራችን ሕግ ምን ቦታ እንዳለው ማወቅ ይጠቅመናል። የቀብድ ታሪክ ረጅም ነው። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው አንድ ነገር አለ፤ ቀብድ የሚያስረው ሰጪዋን ብቻ ሳይሆን ተቀባይዋንም ጭምር ነው።

ሰዓቱ ያልተቆጠረ ሙያ

የሴት ፀጉር ሥራ በአገራችን ከቤት የወጣ ሙያ ነው። ሹሩባ የምትሠራው እናት፣ አክስት ወይም እጇ የተመሰገነ ጎረቤት ነበረች። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ልጆች ተራቸውን ጠብቀው ከጉልበቷ ሥር ይቀመጣሉ፤ ቅቤው ይመጣል፤ ቡናው ይፈላል፤ ወሬው ይቀጥላል። ሰዓት የሚቆጥር የለም። ገንዘብ የሚጠይቅም የለም።

ይህ ማለት ግን ሥራው በነፃ ነበር ማለት አይደለም። ዛሬ የጎረቤቷን ልጅ የሠራች፣ ነገ ሽሮዋ ሲፈጭ ወይም ድግሷ ሲደርስ የጎረቤቷን እጅ ታገኛለች። ገበሬው በወንፈል እንደሚያደርገው ነው። ወንፈል የገባ ሰው የሠሩለትን ያህል ቀን መልሶ ይሠራል፤ ሳይመጣ የቀረ ባለዕዳ ነው፤ ሁሉም ይህን ያውቃል። በከተማ ደግሞ እድራችን አለ። ከቀብር ወይም ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል፤ ያረፈደም ይቀጣል። በእድር ቅጣት የሚቀየም ሰው ግን ብዙ አናይም። ለምን? ደንቡ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ነው፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ቢቀሩ ይቀጣሉ። እነዚህን ሦስት ነገሮች እንያዛቸው፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ሙያው ከበረንዳ ወደ ሳሎን ሲገባ ሥራው ዋጋ ወጣለት። ሰዓቱ ግን ዋጋ ሳይወጣለት ቀረ። ልብስ ሰፊ ሱሪ ሲያዝዙት ቀብድ ይቀበላል። ወርቅ ሠሪው፣ ድንኳን አከራዩ፣ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ ሁሉም ይቀበላሉ። ማንም አይቀየማቸውም፤ እንዲያውም ቀብድ ያልጠየቀ ባለሙያ «ሥራ የለው ይሆን?» ተብሎ ይጠረጠራል። ማበጠሪያ የያዘችው ሴት ብቻ ናት ስትጠይቅ አንገቷን የምትደፋው። ደንበኛዋም «እህቴ አይደለሽ እንዴ?» ትላታለች። እህትነት መልካም ነው። የቤት ኪራይ ግን በእህትነት አይከፈልም።

የጥር ቅዳሜ

ልብስ ሰፊው ደንበኛው ቢቀርበት ጨርቁ በእጁ ይቀራል፤ ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። ወርቅ ሠሪው ወርቁን መልሶ ያቀልጠዋል። የፀጉር ባለሙያ የምትሸጠው ትልቁ ነገር ሰዓቷ ስለሆነ፣ ያለፈ ሰዓት ደግሞ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ቅዳሜ ጠዋት ከ11 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያልተሸጠ ወንበር ሰኞ በቅናሽ አይሸጥም።

በአገራችን ይህ ችግር ከሌላው ዓለም ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም የሠርግ ወራት የተቆጠሩ ናቸው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በአጽዋማት ሠርግ አይደገስም። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ። ከዚያ ጥር ይመጣል፤ የሠርግ ወር። ወዲያው ደግሞ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ይገባና እስከ ፋሲካ ይዘጋል። ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን ሠርግ አያደርጉም፤ ሠርጉ ከጾሙ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጠራቀማል። እንግዲህ ሙሽራ በማስዋብ የምትኖር ሴት ዓመቷን የምትመግበው በጥቂት ቅዳሜና እሁዶች ነው። ከእነዚያ አንዱ ሲቀር የቀረው አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል እንቁጠረው። አንዲት እህት ሙሽራዋንና ሁለት ሚዜዎችን በ12,000 ብር ልትሠራ ተስማማች እንበል። የሜካፑና የሌላው ዕቃ ወጪ 2,500 ብር፣ እስከ ሙሽራዋ ቤት የትራንስፖርት 800 ብር፣ የረዳቷ የቀን ክፍያ 1,000 ብር ነው። ሙሽራዋ ዓርብ ማታ «ሌላ ሰው አግኝተናል» ብላ ብትደውል፣ ዕቃው አልተነካም፤ ትራንስፖርቱም አልወጣም። ስለዚህ የጠፋው 12,000 ሳይሆን 8,700 ብር ነው። ረዳቷ ግን ቀኑን ስለያዘች ክፍያዋ አይቀርም፤ ከ8,700ው ውስጥ 1,000 ብሩ ከባለሙያዋ ኪስ የሚወጣ ነው። ያው ሙሽራ ከአንድ ወር በፊት ደውላ ቢሆን ኖሮስ? በጥር ወር ያን ቅዳሜ የምትፈልግ ሌላ ሙሽራ ስለማትጠፋ፣ ጉዳቱ ከስልክ ጥሪ አይበልጥም ነበር።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር እንማራለን። ዋናው ጥፋት መቅረት ሳይሆን አርፍዶ መቅረት ነው። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቀብድን የፈለሰፉትም ይህን ክፍተት ለመድፈን ነበር።

አረቦን የተባለው ቃል

የመድን ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው በየጊዜው የሚሰበስቡትን ክፍያ አረቦን እንለዋለን። ቃሉ በጣም ያረጀ ነው። በግዕዝ ዐረቦን መያዣ ማለት ነው። በዕብራይስጥም በዐረብኛም ወንድምና እህት ቃላት አሉት። የፊንቄ ነጋዴዎች ከሸቀጣቸው ጋር ወደ ግሪኮች እንዳሻገሩት ይነገራል፤ ሮማውያን ደግሞ ከግሪኮች ተቀብለው አሳጥረው «አራ» አሉት።

ስለዚህ መያዣ ከሚናገሩ ጥንታዊ ታሪኮች አንዱ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ይሁዳ ለትዕማር የፍየል ጠቦት እሰድልሻለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ትዕማር በቃሉ ብቻ አላመነችም። እስክትልክልኝ መያዣ ስጠኝ አለችው። ማኅተሙን፣ ማሰሪያውንና በትሩን ተቀበለች። በኋላ በእሳት ትቃጠል ተብሎ በተፈረደባት ጊዜ ያን መያዣ አውጥታ ላከች፤ ይሁዳም የራሱ መሆኑን አውቆ ከእኔ ይልቅ እርሷ ጻድቅ ናት አለ። መያዣው የዳኛ ማስረጃ ሆኖ ሕይወቷን አተረፈላት። የቀብድ የመጀመሪያ ጥቅም ይኸው ነው፤ ንግግራችን በእርግጥ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ጥቅም ከግሪኮችና ከሮማውያን ሕግ ጎልቶ ወጣ። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዩስቲንያኖስ እ.ኤ.አ. በ533 ባወጣው የሕግ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ቀብድ ሰጥቶ ግዢውን የተወ ሰው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ቀብድ ተቀብሎ ሽያጩን የተወ ሰው ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተደነገገ። ልብ እንበል፤ ሚዛኑ ሁለት ሳህን አለው። ገዢው ቢያፈገፍግ የሚያጣው የሰጠውን ነው። ሻጩ ቢያፈገፍግም የሰው ገንዘብ መልሶ ዝም አይልም፤ ከራሱ ያን ያህል ይጨምርበታል። ሁለቱም እኩል ይጎዳሉ።

ይህ ሚዛን ከሺህ ዓመት በላይ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ገባ፤ በአንቀጽ 1590 ላይ ይገኛል። ከፈረንሳይ ወደ እኛ የመጣበት መንገድም ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና፤ የቀብድ አንቀጾቹም እስከ ዛሬ የምንዳኝባቸው ናቸው።

ሕጋችን ምን ይላል

ሦስት አጫጭር አንቀጾች ናቸው፤ ከ1883 እስከ 1885። የመጀመሪያው ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ይህ የትዕማር በትር ነው። ሁለተኛው፣ ውሉ በተፈጸመ ጊዜ ቀብዱ ከሚከፈለው ገንዘብ እንደሚታሰብ ወይም እንደሚመለስ ይናገራል። ሦስተኛው ሚዛኑን ያስቀምጣል፤ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ደግሞ የተቀበለውን አጠፌታ ከፍሎ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ከተስማሙ ስምምነታቸው ይጸናል።

ለእኛ ሙያ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባናል። አንደኛ፣ በፈረንሳዩ ሕግ ያ አንቀጽ የተቀመጠው በሽያጭ ምዕራፍ ውስጥ ነበር። በእኛ ሕግ ግን ቀብድ የተቀመጠው ስለ ውሎች በጠቅላላው በሚናገረው ክፍል ነው። ስለዚህ ቤት ወይም በሬ ለሚሸጥ ብቻ ሳይሆን፣ እጇን ለምታከራይ ፀጉር ሠሪም ይሠራል። ሁለተኛ፣ አጠፌታ የሚለው ቃል የተጻፈው ለእኛ ነው። ከሙሽራ 3,000 ብር ቀብድ ተቀብላ የተሻለ ከፋይ ስላገኘች ቀኑን የሰረዘች ባለሙያ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ዕዳዋ 3,000 ሳይሆን 6,000 ብር ነው። «ገንዘብሽን መለስኩልሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ማለት በሕግ ፊት አያስኬድም።

ይህን የምንጽፈው እህቶቻችንን ለማስፈራራት አይደለም። ይልቁንም ይሉኝታን የሚያሸንፈው ይኸው ነው ብለን ስለምናምን ነው። ደንበኛዋ ላይ ብቻ የሚወርድ ቅጣት ስንጠይቅ አንገታችንን ብንደፋ አይገርምም፤ ጎደሎ ነገር እየጠየቅን ነውና። «ብትቀሪ ይህን ታጫለሽ፤ እኔ ብቀርብሽ እጥፉን እከፍልሻለሁ» ስንል ግን ቀና ብለን ነው። እድርተኛው የማይቀየመው ዳኛውም ስለሚቀጣ አይደል?

«የሰው ገንዘብ በከንቱ»

ቀብድን ሁሉም እኩል አልወደደውም። በዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን «ዐርቡን» የሚለውን ቃል ከገበያ ያውቁታል፤ ልብስ ሲያሰፉ ወይም ቤት ሲከራዩ ሰምተውታል። ስለ ዐርቡን ግን የእስልምና ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረዋል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመዲና የኖሩት ኢማም ማሊክ፣ ሙወጠእ በተባለው መጽሐፋቸው ዐርቡን እንደ ተከለከለ የሚናገረውን ሐዲስ አስፍረዋል። ዕቃ የሚገዛ ወይም የሚጫን እንስሳ የሚከራይ ሰው «ብተወው የሰጠሁህ በከንቱ ያንተ ይሁን» ብሎ ዲናር ቢሰጥ ይህ አይገባም ይላሉ። ፍራቻቸው ግልጽ ነው፤ ምንም ሳይሰጡ የሰውን ገንዘብ መብላት። ብዙዎቹ ሊቃውንት በዚህ ተስማሙ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ግን ፈቀዱት።

እ.ኤ.አ. በ1993 የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ ብሩናይ ላይ ተሰብስቦ ጉዳዩን መረመረና፣ የመጠበቂያው ጊዜ የተወሰነ ከሆነ ዐርቡን ይፈቀዳል ሲል ወሰነ። ይህ ቅድመ ሁኔታ የማንኛችንም እምነት ቢሆን ያስተምረናል። ቀብድ የሚበላው በከንቱ አይደለም፤ ለተወሰነ ጊዜ አንድን ነገር ከሌላው ገበያ ከልክሎ ስለ ማቆየት ነው። ቀኑ ካልተወሰነ ግን የቆየልሽ ነገር ምንድን ነው? «አንድ ቀን እመጣለሁ» ላለች ደንበኛ ቀብድ መቀበል የኢማም ማሊክን ፍራቻ እውነት ማድረግ ነው። ቀን፣ ሰዓትና ሥራው ተለይቶ ሲጻፍ ግን ደንበኛዋ በገንዘቧ የገዛችው ነገር አለ፤ ያንን ቅዳሜ ጠዋት ገዝታለች።

ድርብ ቀጠሮ

ለቀረ ሰው ሌላ መድኃኒት የሞከሩም አሉ። አየር መንገዶች ቦታ ይዘው የሚቀሩ መንገደኞች ስላስቸገሯቸው፣ ካላቸው ወንበር በላይ ቦታ መሸጥ ጀመሩ። የሚቀር አይጠፋም በሚል ስሌት ነው። ሁሉም የመጡ ቀን ግን አንድ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው የሸማቾች መብት ተሟጋች ራልፍ ኔደር ከዋሽንግተን ወደ ሃርትፎርድ ሊበር ቦታ ይዞ ሳለ ወንበር የለም ተባለ። ተመልሶ ዝም አላለም፤ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1976 አየር መንገዱ ከወንበሩ በላይ እንደሚሸጥ ለመንገደኛው አለመንገሩ በማታለል ሊያስከስሰው እንደሚችል ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የመንግሥት ደንብ፣ ወንበር ሲጎድል በመጀመሪያ በፈቃዳቸው የሚቀሩ መንገደኞች እንዲጠየቁ፣ ያለ ፈቃዱ የቀረም ካሳ እንዲከፈለው አደረገ።

ከአውሮፕላን ወደ ፀጉር ቤት መምጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛም ሙያ «አንዷ ትቀራለች» ብሎ ለአንድ ሰዓት ሁለት ሙሽራ መቅጠር አለ። ሁለቱም የመጡ ቀን ምን እንደሚሆን የሙያው ሰዎች ያውቁታል። ቬሎዋን የለበሰች ሙሽራ ካስክ ሥር ተቀምጣ የሌላዋን መጨረስ ትጠብቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ኒካህ ይረፍዳል፤ አማት ታለቅሳለች። የድርብ ቀጠሮ ክፋቱ የቀረችውን ሰው ዕዳ የመጣችው ሰው እንድትከፍል ማድረጉ ነው። ቀብድ ዕዳውን ለባለቤቱ ይሰጣል። ስለዚህ ከሁለቱ መድኃኒቶች ቀብድ ይሻላል። ቀብድም ድርብ ቀጠሮም ባንድነት የምታደርግ ባለሙያ ካለች ግን፣ ከሁለቱም ወገን እየበላች ነውና አጠፌታው የተጻፈው ለእርሷ ነው።

ቀብድ የማን ገንዘብ ነው?

ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። በሒሳብ አያያዝ ደንብ፣ ላልተሠራ ሥራ አስቀድመን የተቀበልነው ገንዘብ ገቢ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ባለሙያዋ ለደንበኛዋ ሥራ ትበደራለችና። ገቢ የሚሆነው ሥራው ሲጠናቀቅ፣ ወይም ደንበኛዋ በስምምነቱ መሠረት ቀብዱን ስታጣ ነው። ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር ለጥር ሙሽሮች ቀብድ የሰበሰበች እህት ስልኳን ስትከፍት ብዙ ገንዘብ ታያለች። ያንን እቁብ ከጣለችበት ወይም ዕቃ ከገዛችበት፣ በጥር አንዲት ሙሽራ በሕጋዊ ምክንያት መልሺልኝ ስትላት ከየት ታመጣለች? የሳሎን ኪሳራ ብዙውን ጊዜ በሥራ ብዛት መካከል የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ካወጣ ወዲህ ቀብድ መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የመልእክቱ ደረሰኝ ቀንና መጠን ስለሚይዝ ክርክር ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ደንበኛዋ ፊት ለፊት ገንዘብ ከማውጣት ስለምትድን የሁለቱም ሐፍረት ይቀላል። ነገር ግን ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ከዕለት ሽያጭ ጋር ከተቀላቀለ ዕዳውና ገቢው አይለዩም። የቀብድ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ባይቻል እንኳ በደብተር ለብቻው ይጻፍ።

ከታሪኩ የምንወስደው ደንብ

ከዚህ ሁሉ በመነሳት ለማኅበራችን አባላት የሚከተለውን እናቀርባለን። ሹሩባ ወይም ጥፍር ለሚሠሩ አጫጭር ቀጠሮዎች ቀብድ አያስፈልግም፤ ተራ መጠበቅና በዋዜማው መደወል ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በላይ ያረፈደች ተራዋን እንደምትለቅ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይታይ። ቀብድ የሚያስፈልገው ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ለሚይዝ ሥራ፣ ይልቁንም ለሙሽራ ነው።

መጠኑ ከዋጋው ሲሶ ወይም ሩብ ቢሆን ይመከራል። ጉዳቱን በሙሉ ባይሸፍንም ደንበኛዋን አስቀድማ እንድትደውል ያነቃታል፤ የምንፈልገውም እርሱን ነው። ከ21 ቀን በፊት የደወለች ቀብዷ ሙሉ በሙሉ ይመለስላት፤ ቀኑን ለሌላ መሸጥ እንችላለንና። ከዚያ ወዲህ እስከ ሳምንቱ ድረስ የደወለች ግማሹ ይመለስላት። በመጨረሻው ሳምንት የቀረች ግን ታጣዋለች።

ሠርጉ በለቅሶ ምክንያት ቢተላለፍስ? በአገራችን ሐዘን ያለበት ቤት ዘፈን አይከፈትም። ሕጋችንም ከአቅም በላይ ለሆነ ምክንያት ቦታ አለው። በለቅሶና በሕመም የቀረች ሙሽራ ቀብድ አይበላም፤ ሌላ ቀን ይታሰብላት ወይም ይመለስላት። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ያስቀረች ባለሙያ ሕግ ባይከሳትም ሰፈር ይከሳታል።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሊሰፍር ይችላል። የደንበኛዋ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የተከፈለው ቀብድ፣ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደማይመለስ ይጻፍበት። ከዚያ በታች አንድ መስመር ይጨመር፦ «ባለሙያዋ በራሷ ምክንያት ብትቀር የተቀበለችውን ቀብድ አጠፌታ ትከፍላለች»። ሁለቱም ይፈርሙ፤ አንዱ ቅጂ ለደንበኛዋ ይሰጥ። ይህቺ መስመር ከሌለች ወረቀቱ የአንድ ወገን ማስፈራሪያ ይሆናል።

የወረቀቱን ረቂቅ አዘጋጅተናል። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሙያው እህቶች ጋር አንቀጽ በአንቀጽ እንወያይበታለን፤ የቀኖቹንና የሲሶውን ነገር ያስተካክሉልን። ከጸደቀ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለሁሉም እናባዛለን፤ የጥር ሙሽሮች ቀጠሮ የሚይዙት ያን ጊዜ ነውና።